ጌሾ ስንገዛና ስናስቀምጥ፦ አዲሱን ከአሮጌው፣ ደህናውን ከሻገተው እንለይ

ድግስ ደርሷል እንበል። ጋኑ በግራዋ ታጥቧል፤ በወይራ ጭስ ታጥኗል። ብቅሉ ተፈጭቷል። እህሉ ከጎተራ ወጥቷል። ውሃው ተቀድቷል፤ እንጨቱ ተለቅሟል። የቀረው ጌሾ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት ወደ ገበያ ወጣች። ቀኑ ስለመሸባት መጀመሪያ ያገኘችውን ጌሾ ገዝታ ተመለሰች።

ጠላው ተጠነሰሰ፤ ተደፈደፈ። ቀኑ ደርሶ ጋኑ ሲከፈት ግን ሽታው ሻጋታ ሻጋታ ይላል። እንግዳው አንድ ጊዜ ፉት አለና ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ሌላውም እንደዚያው አደረገ።

እስቲ የጠፋውን እንቁጠር። እህሉ ጠፋ። ብቅሉ ጠፋ። እንጨቱ ጠፋ። የእናቶች የስንት ቀን ድካም ጠፋ። ጠላ ሸጣ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት ደግሞ ገበያዋም ጠፋ። ይኸ ሁሉ የጠፋው ለጥቂት ጌሾ ሲባል ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ነው፤ ጠላ የሚበላሸው በጌሾ ብቻ አይደለም። በደንብ ያልታጠበ ጋን ያበላሸዋል። የሻገተ ብቅልም ያበላሸዋል። ቆሻሻ ውሃም ያበላሸዋል። የዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ ጌሾ ነው። ምክንያቱም ጋኑን የምናጥበው እኛ ነን፤ ብቅሉንም የምናበቅለው እኛ ነን። ጌሾውን ግን ብዙ ጊዜ የምንገዛው ከሰው እጅ ነው። ከሰው እጅ የሚገዛ ነገር ደግሞ መፈተን አለበት።

1. ጌሾ ምን ይሠራል?

ጌሾ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በብዙ ገበሬ ጓሮ ይገኛል። ቅጠሉ ከላይ ያብረቀርቃል፤ ጠርዙ እንደ ደቃቅ መጋዝ ጥርስ ነው። ፍሬው ትንንሽ ነው፤ መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፤ ሲበስል ይጠቁራል። ለጠላ ቅጠሉም እንጨቱም ያገለግላል። ለጠጅ ግን በብዛት የሚገባው እንጨቱ ነው።

ብዙ ሰው «የሚያሰክረው ጌሾው ነው» ይላል። ይኸ ስህተት ነው። ብቅል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል። ከዚያም እርሾ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ሕያዋን ስኳሩን በልተው አልኮል ያደርጉታል። የሚያሰክረው ይኸ አልኮል ነው።

ታዲያ የጌሾ ሥራ ምንድን ነው? ሁለት ትልልቅ ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ምሬትና መዓዛ ይሰጣል። ጌሾ የሌለው መጠጥ ጣዕሙ አይሞላም። ሁለተኛ፣ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ጀርሞችን ይገታል። ስለዚህ ጌሾው ከደከመ መጠጡም ይደክማል።

2. ጌሾን የሚያበላሹት ምንድን ናቸው?

የጌሾ ጠላቶች አራት ናቸው።

አንደኛው እርጥበት ነው። ከሁሉ የከፋው ጠላት ይኸ ነው። እርጥበት ሻጋታን ይጠራል።

ሁለተኛው የበረታ ፀሐይ ነው። ቅጠሉ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ አረንጓዴ ቀለሙ ይለቃል፤ መዓዛውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ጌሾ ደርቆ ቢቀመጥም እንደ ድንጋይ አይኖርም። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ሽታው እየሳሳ ይሄዳል። የተወቀጠ ጌሾ ደግሞ ካልተወቀጠው ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ምክንያቱም አየር በየብናኙ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጌሾን በቅጠሉ አስቀምጡ፤ የምትወቅጡት ልትጠነስሱ ስትሉ ይሁን።

አራተኛው የሌላ ነገር ሽታ ነው። ጌሾ ከጋዝ፣ ከሳሙና፣ ከፀረ ተባይ መድኃኒት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። መድኃኒት በነበረበት ጆንያ ፈጽሞ አይቀመጥም። ታጥቦም ቢሆን አይቀመጥም። ይኸ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው።

3. አምስቱ ፈተናዎች

ጌሾ ስትገዙ አምስት ፈታኞች ከእናንተ ጋር አሉ። እነሱም ዓይን፣ እጅ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ውሃ ናቸው። አንዱን ብቻ አትመኑ። አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኘዋልና።

ሀ. በዓይን። ላይ ላዩን አይታችሁ አትግዙ። ጆንያው ይከፈት፤ እስሩ ይፈታ። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ ጭብጥ አውጡና ብርሃን ላይ እዩ። ደህና የደረቀ ቅጠል አረንጓዴነቱ አልጠፋም። ቢጫ ወይም ቡናማ የበዛበት ጌሾ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ፀሐይ ጎድቶታል። ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወይም እንደ ጥጥ ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። የሸረሪት ድር የመሰለ ክርና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነፍሳት ገብተውበታል። ሌላ ቅጠል እንዳልተቀላቀለበትም ተመልከቱ። ጥቂት ቅጠል አንሡና አስተያዩ፤ ጠርዛቸው፣ ቅርጻቸውና ወዛቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የማታውቁት ቅጠል ከበዛበት ተዉት።

ለ. በእጅ። አንድ ጭብጥ ጌሾ ጨብጡና ጨመቅ አድርጉት። በደንብ የደረቀ ቅጠል ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ይሰባበራል። እርጥበት ያለው ቅጠል ግን ድምፅ የለውም፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። እጃችሁን ወደ ጆንያው መሐል አስገቡ። መሐሉ ሞቅ ካለ ጌሾው እርጥብ ሳለ ታጭቋል ማለት ነው፤ እየታመሰ ነው። አትግዙት። በእጃችሁ የቀረው አቧራና አሸዋ ብቻ ከሆነም ገንዘባችሁን ለአፈር እየከፈላችሁ ነው።

ሐ. በአፍንጫ። ጥቂት ቅጠል በሁለት መዳፋችሁ መሐል እሹት። ከዚያ አሽትቱት። አዲስ ጌሾ ሲታሽ የራሱ ሽታ ጎልቶ ይወጣል። አሮጌ ጌሾ ታሽቶም እንደ ገለባ ነው፤ ብዙ አይሸትም። የሻገተው ደግሞ እንደ እርጥብ ምድር ቤት፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይሸታል። የሻጋታው ሽታ ከጎላ ደግማችሁ አታሽትቱ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በተለይ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

መ. በምላስ። ይኸ ፈተና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፈተናዎች ላለፈ ጌሾ ብቻ ነው። ሻጋታ ያለበት፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ወይም የማይታወቅ ቅጠል በምላስ አይቀመስም። ንጹሕ ከሆነ የጥፍር ያህል ቅጠል አኝኩና ትፉት። አዲስ ጌሾ ይመራል፤ ምሬቱም ምላስ ላይ ይቆያል። ምሬቱ የሳሳ ከሆነ ጌሾው ደክሟል።

ሠ. በውሃ። ይኸ የቤት ፈተና ነው። ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። በሁለቱም እኩል ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። በአንዱ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ጌሾ አንድ ማንኪያ፣ በሌላው የተጠራጠራችሁትን አንድ ማንኪያ አድርጉ። ከድናችሁ አሳድሩት። ጧት ሁለቱን አስተያዩ። የየትኛው ቀለም ደመቀ? የየትኛው ሽታ ጎላ? የየትኛው ምሬት በረታ? ከሥር የተቀመጠው አሸዋስ የቱ ላይ በዛ? ከአንድ ጋን ጠላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢበላሽ ይሻላል።

4. ገበያ ላይ የሚደረግ ንግግር

አንዲት ወጣት ጌሾ ልትገዛ ወደ አንዲት አሮጊት ቀረበች እንበል። የሚነጋገሩትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ጌሾው የመቼ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የዘንድሮ ነው፤ ውሰጂ።»

«ከታች ያለውን ላውጣና ልየው?»

«ላዩን አይተሽው የለም እንዴ? ያው ነው።»

«ላዩስ ጥሩ ነው እማማ። ከታች ያለውን ልይ ብዬ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

«እዪው እንግዲህ፣ ምን ቸገረኝ።»

«ይኸኛው እርጥብ ነው እማማ። ሽታውም ተለውጧል።»

«ዝናብ ነክቶት ነው ልጄ። ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ይደርቃል።»

«ላዩን ለብቻው ይመዝኑልኝ። የታችኛውን ግን አልወስድም።»

ወጣቷ አልተሳደበችም፤ ግን አልተታለለችም። አሮጊቷም ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ዝናብ ነካብኝ፣ እጥለው እንዴ ብለው ይሆናል። ነገር ግን «ይደርቃል» ማለት «ይድናል» ማለት አይደለም። የሻገተ ጌሾ ሲደርቅ የደረቀ ሻጋታ ይሆናል እንጂ ጤነኛ አይሆንም። በተለይ በክረምት ማብቂያ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ስትገዙ እጃችሁን ወደ ጆንያው ሥር ሳታስገቡ አትግዙ። በክረምት የተለቀመ ቅጠል በደንብ ለመድረቅ ይቸገራልና።

5. እንጨት ጌሾስ?

እንጨቱንም በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ልጡ ያልተላጠ፣ ያልተሰነጣጠቀ ይሁን። ቀጭኑን እንጨት ሰበር አድርጉት። የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይጎብጣል። ልጡን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። ንጹሕ ከሆነ ቅመሱት፤ መምረር አለበት። ትንንሽ ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚፈስ ደቃቅ ዱቄት ካለበት ትል በልቶታል። የተቆረጠው ጫፉ ላይ ሻጋታ ካለ ተዉት።

6. ያረጀውና የሻገተው አንድ አይደሉም

ይኸን ነገር ለዩ። ያረጀ ጌሾና የሻገተ ጌሾ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ያረጀ ነገር ግን ንጹሕና ደረቅ የሆነ ጌሾ ይሠራል። ጉልበቱ ስለቀነሰ መጠኑን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚጨመር የውሃው ፈተና ይነግራችኋል። አንድ ማንኪያ አሮጌ ጌሾ ምሬቱ ካነሰ፣ አንድ ተኩል፣ ከዚያም ሁለት አድርጋችሁ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

የሻገተ ጌሾ ግን አይሠራም። አንዳንድ ሻጋታ መርዝ ያወጣል። ከነዚህ መርዞች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በእህልና በለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን፣ ጉበትን ይጎዳሉ። እንዲህ ያለው መርዝ በማጠብ አይለቅም፤ በፀሐይ አይጠፋም፤ በማፍላትም ተማምነን አናጠፋውም። በዓይን ስለማይታይም «ሻጋታውን አራግፌዋለሁ» ማለት አይጠቅምም። ስለዚህ የሻገተ ጌሾ፣ የሻገተ ብቅልና የሻገተ እህል ለመጠጥ አይሁን። ለከብትም አትስጡት። ቅበሩት። ያሳዝናል፤ ግን ከጤና አይበልጥም።

7. ርካሹ ውድ ሲሆን

አሁን እናስላ። ዋጋው ለስሌት ያህል የተሰጠ ነው።

አንዱ ነጋዴ ንጹሕ ጌሾ 1 ኪሎ በ200 ብር ይሸጣል። ሌላው 1 ኪሎ በ170 ብር ይሸጣል። 30 ብር ይቀንሳል። እናንተ ከርካሹ 5 ኪሎ ገዛችሁ።

5 ኪሎ × 170 ብር = 850 ብር።

ቤት ወስዳችሁ ስትነፉት 1 ኪሎ አቧራና ጭራሮ ወጣው። የቀረው ንጹሕ ጌሾ 4 ኪሎ ነው።

850 ብር ÷ 4 ኪሎ = 212 ብር ከ50 ሣንቲም።

አያችሁ? ርካሽ የተባለው ጌሾ በኪሎ 12 ብር ከ50 ሣንቲም ተወደደ። ቁጥር የተማረ ሰው ገበያ ላይ የሚጠቀመው እንዲህ ነው።

8. የራሳችንን ጌሾ እንዴት እናድርቅ? እንዴትስ እናስቀምጥ?

ጌሾ ያለው ገበሬ ሻጭ ነው። የሻጭም ክብሩ ዕቃው ነው። ደንቦቹ እነዚህ ናቸው።

ጤዛው ከረገፈ በኋላ ልቀሙ። በሽታ የነካውንና የቆሸሸውን ቅጠል ለዩ።

መሬት ላይ አታስጡት። ሰሌን ወይም ንጹሕ ጆንያ አንጥፉ። ቅጠሉን በስሱ ዘርጉት። ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ይሁን። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡት። ማታ ጤዛ እንዳይነካው አስገቡት።

ኮሽ ሳይል አታከማቹት። ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ከሆነ እርጥቡ ደረቁን ያበላሻል።

ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ጆንያ ውስጥ አስገቡት። ጆንያው መሬት አይንካ፤ ግድግዳም አይንካ። ቆጥ ወይም እንጨት ላይ ይቀመጥ። ጣሪያው የማያፈስ ይሁን።

አሁን ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚጠቅምበት ቦታ መጣ። በትንሽ ወረቀት እንዲህ ብላችሁ ጻፉና ጆንያው ላይ እሰሩት፦

የጌሾ ቅጠል
የተለቀመበት ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
የገባበት ቀን፦ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ክብደት፦ 8 ኪሎ

ድሮ «ይኸ ጆንያ የመቼ ነው?» ሲባል ባል አንድ ይል ነበር፤ ሚስት ሌላ ትል ነበር። ወረቀቱ ካለ ክርክር የለም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ገዢም መጥቶ «የመቼ ነው?» ቢል መሐላ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ያነባል። በየወሩ አንድ ጊዜ ጆንያውን ክፈቱና በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ ፈትኑት።

9. የፋብሪካ ቢራስ?

የፋብሪካ ቢራ ምሬቱን የሚያገኘው ሆፕ ከሚባል ተክል ነው። ሆፕና ጌሾ ዘራቸው የተለያየ ነው። ሆፕ ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚሆነውም ቅጠሉ ሳይሆን አበባው ነው። በአበባው ውስጥ ቢጫ ብናኝ አለ፤ መዓዛውና ምሬቱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ፈተናው ግን ከኛው ጋር ይመሳሰላል። በውጭ አገር ያሉ ሆፕ ገዢዎች አበባውን በመዳፋቸው አሽተው ያሸቱታል። አዲሱ አረንጓዴ ነው፤ መዓዛው ይጎላል። አሮጌው ይቡናማል፤ እንደቆየ አይብ ይሸታል። ስለዚህ ሆፕን አየር በማይገባበት ከረጢት፣ በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡታል። አያቶቻችን ጌሾን በመዳፍ አሽተው መግዛታቸው እንግዲህ ተራ ልማድ አልነበረም። እውቀት ነበር። እኛ ደግሞ መጻፍን እንጨምርበት።

ለማጠቃለል

ጌሾ ጥቂት ነው፤ የሚያበላሸው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አይታችሁ፣ ጨብጣችሁ፣ አሽትታችሁ፣ ቀምሳችሁ ግዙ። የተጠራጠራችሁትን በውሃ ፈትኑ። ያረጀውን በመጠን ጨምሩ። የሻገተውን ጣሉ። የራሳችሁን በጥላ አድርቁ፤ ቀኑን ጻፉበት። ይኸን ትምህርት ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።

ጥያቄዎች

1. የጌሾ ሁለቱ ትልልቅ ሥራዎች ምንድን ናቸው?
2. ጌሾን የሚያበላሹትን አራት ነገሮች ጻፉ።
3. በምላስ የማይቀመሰው ምን ዓይነት ጌሾ ነው? ለምን?
4. በያረጀና በሻገተ ጌሾ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
5. አንድ ሰው 1 ኪሎ በ160 ብር ሒሳብ 10 ኪሎ ጌሾ ገዛ። ሲነፋው 2 ኪሎ አቧራና ጭራሮ ወጣው። ንጹሑ ጌሾ በኪሎ ስንት ብር ወጣበት? (መልሱ፦ 200 ብር)
6. በቤታችሁ ላለ አንድ ጆንያ ጌሾ ወይም እህል ከላይ እንዳያችሁት ወረቀት ጽፋችሁ እሰሩበት።